«ሒሳብሽን አይተሻል?»

ዳዊት፦ ከጅማ ነን፣ ሰላም ናችሁ? የዛሬው ርዕሳችን ለክፉ ቀን ገንዘብ ስለማስቀመጥ ነው። ስልካችን ያግዘናል ወይስ…

ሰሚራ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ የሐሙሱን ልንገርህ።

ዳዊት፦ ጀመረች።

ሰሚራ፦ ሒርማታ ገበያ ነኝ፤ በአንድ እጄ ዘንቢል፣ በአንዱ ስልክ። «2,000 ብር ተቀብለዋል» የሚል መልእክት ገባ። ወዲያው ተደወለ። «እህቴ፣ በስህተት ላንቺ ላክሁት፣ የልጄ መድኃኒት መግዣ ነው።» አንጀቴን በላው!

ዳዊት፦ ላክሽለት?

ሰሚራ፦ «መለስኩለት» ነው ያልኩት እኔማ።

ዳዊት፦ ዲግሪሽ በምን ነበር?

ሰሚራ፦ በአካውንቲንግ። አትሳቅ! ቤት ገብቼ ለእማዬ ስነግራት ቡና እየቆላች ነው። ቀና እንኳ ሳትል «ሒሳብሽን አይተሻል?» አለችኝ። ሳየው ምንም አልገባም። መልእክቱም የመጣው ከቴሌብር ቁጥር ከ127 ሳይሆን ከተራ ቁጥር ነው።

ዳዊት፦ እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም አላልሽኝም?

ሰሚራ፦ አልቆጠረችም፣ ቁጥር ግን ታውቃለች። ቴሌብር በ2013 ግንቦት ሲጀመር እኔ ገና ስጠራጠር እሷ ተመዝግባ ነበር። ገንዘብ ገባልሽ ካሏት *127# ትነካለች፤ የሚቀጥለውን ዳዊት እንደሚደግም ሰው በቃሏ ይዛዋለች።

ዳዊት፦ ስሜን አታንሺ። እኔ ግን ለዚህ ነው እቁብ ይሻላል የምለው። ፊት ለፊት ነው፣ ሰውየውን ታውቂዋለሽ።

ሰሚራ፦ ክፉ ቀን ዕጣሽ እስኪወጣ ይጠብቃል እንዴ?

ዳዊት፦ ዳኛውን ለምነሽ ተራ ትቀይሪያለሽ።

ሰሚራ፦ ከተቀየረልሽ! እኛ ቤት የቡና ገንዘብ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይገባል፤ ሐምሌ ላይ ኪስ ባዶ ነው። እማዬ ቡናው እንደተሸጠ የክረምቱን ድርሻ ወደ ሁለተኛ ሲሟ ትልካለች። ሲሙ ያለው አሮጌ ባለቁልፍ ስልክ ውስጥ ነው፣ ስልኩ ደግሞ የበርበሬ ጣሳ ውስጥ። ቁጥሩን ማንም አያውቀውም።

ዳዊት፦ ይሄማ ፍራሽ ሥር መደበቅ ነው!

ሰሚራ፦ ፍራሽ ሥር ያለውን እኮ እኔም አገኘዋለሁ።

ዳዊት፦ እሺ፣ ግማሹን ተቀብያለሁ። እቁቤን ግን አልተውም። 2,000ውስ?

ሰሚራ፦ ጠፍቶ ቀረ። የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ከእማዬ ተበደርኩ።

ዳዊት፦ ታዲያ ስትመልሺ የጣሳውን ቁጥር ልታውቂ ነው!

ሰሚራ፦ የት! «ጥሬ ብር በእጄ አምጪ» ብላኛለች።