ሳኔቲ ላይ በራሴ ትንፋሽ የበሰበስኩባት ሌሊት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የምትሰሙት ድምፅ የማይክሮፎን ችግር አይደለም፤ ዝናብ ነው። ሐዋሳ ነሐሴን ታውቋታላችሁ። ዛሬ የምቀዳው ግቢያችን ውስጥ ከቆመችው ፒክአፕ ኋላ ላይ፣ ፍራሽ ላይ ጋደም ብዬ ነው። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ፣ ቴሌቪዥን አለ። እዚህ ዝናቡ ብቻ ነው ያለው።

መኪናዋ አሮጌ ሂሉክስ ናት። ነጠላ ጋቢና ስለሆነች ከኋላ እግር ዘርግቶ መተኛት ይቻላል። ሐሳቡ የመጣልኝ ከቪዲዮ ነው። ካናዳውያን ፒክአፕ ላይ ትንሽ ቤት ጭነው በረዶ መሀል ሲያድሩ ማየት ሱስ ሆኖብኝ ነበር። ውጪው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነው፣ ሰውዬው ውስጥ በቲሸርት እንቁላል ይጠብሳል። በናፍጣ የሚሠራ ማሞቂያ አላቸው፤ ጭሱ በቱቦ ወደ ውጪ ይወጣል። ጭንቀታቸው የውሃ ቧንቧ በረዶ ሆኖ እንዳይፈነዳ ነው። ማደያው እንኳን በብርድ ወራት ሌላ ዓይነት ናፍጣ ይሸጥላቸዋል። ተራው ናፍጣ ውስጥ ያለው ሰም በዚያ ብርድ ረግቶ ፊልትሮ ይደፍናል።

እኔ ያ ሁሉ የለኝም። አንድ በያጅ ዘንድ ሄጄ ከላሜራ ሳጥን አሠራሁ። «ጠብታ ውሃ አታስገባም» አለኝ። በመጀመሪያው ዝናብ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ተመልሼ ስሄድ «ዝናቡ በጎን መጥቶ ነው» አለኝ። ዝናብ በጎን አይመጣም እንዴ?

አባዬ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና «ይቺ ሳጥን ለምንድን ናት?» አለ። ለካምፒንግ ናት አልኩት። ካምፒንግ ምን እንደሆነ አስረዳሁት። መኪና ውስጥ ታድራለህ፣ ሻይህን ራስህ ታፈላለህ፣ ጠዋት ትነዳለህ። ዝም ብሎ ሰማኝና «እንግዲያው እኔ 22 ዓመት ሙሉ ካምፒንግ ላይ ነበርኩ በለኛ!» ብሎ ሳቀ። አባዬ የጭነት ሾፌር ነበር፤ ኤንትሬ የሚባለውን የፊያት ጭነት መኪና ነበር የሚነዳው። የደሴን መንገድ እንደ ግቢው ያውቀዋል። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲይዘው ጋቢና ውስጥ ከረዳቱ ጋር ኩርምት ብለው ያድሩ ነበር።

ልሄድ ስል ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛው ከሰል ነው። «ማንደጃ ውስጥ እንዳታስገባ!» አለ። ሁለት ጓደኞቹ አንድ ሌሊት ብርዱ ሲጠናባቸው የተቀጣጠለ ከሰል ጋቢና አስገብተው ተኙ። ጠዋት ራሳቸውን ስተው ተገኙ። ያዳናቸው የመኪናው በር ነው፤ ተበላሽቶ በደንብ አይገጥምም ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ጢሱ ስላለቀ፣ ፍሙ ስለቀላ፣ አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። ይህንን እባካችሁ ቤት ውስጥም አስቡት።

ሁለተኛው «መስኮት ከፍተህ ተኛ» የሚል ነበር። ይህንን ሽማግሌ ተሳስቷል ብዬ አለፍኩት።

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወዳለው ሳኔቲ አምባ የሄድኩት በታኅሣሥ ነው። እኛ ብርድን ከክረምት ጋር እናያይዛለን እንጂ፣ የባሌ ውርጭ የሚመጣው በበጋ ነው። በክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናል። በበጋ ሰማዩ ራቁቱን ስለሆነ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት አሟጦ ያወጣዋል። ከሻሸመኔ በኮፈሌ፣ በዶዶላ፣ በአዳባ አድርጌ ዲንሾ ደረስኩ፣ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃዴን ያዝኩ፣ ጎባ አድሬ ወጣሁ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሳኔቲ 4,000 ሜትር ነው። የእኔ ሂሉክስ ቱርቦ የላትም። አየሩ ሲሳሳ ጥቁር ጭስ እየተፋች በሁለተኛ ማርሽ አዘገመች። ላሜራውን ደግሞ ነፋሱ ሲመታው መሪው በእጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከፍ ያለ ሳጥን ሲጫን መኪናው ሌላ መኪና ይሆናል።

ማታ በሩንም መስኮቱንም ጥርቅም አድርጌ፣ ቡሉኮ ደርቤ ተኛሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግንባሬ ላይ ጠብ አለ። ዝናብ መሰለኝ። ወጥቼ ባይ ሰማዩ ኮከብ ብቻ ነው። ባትሪ ሳበራ ጣሪያው ሁሉ አልቦታል። የራሴ ትንፋሽ ነው! ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ውሃ ሆነ፣ ጥጉ ላይ በረዶ ጋገረ፣ የቀረው ቡሉኮዬ ላይ ዘነበ። እርጥብ ጥጥ ደግሞ አያሞቅም፤ እንደ ሬሳ ነው የሚቀዘቅዘው። በያጁን ስረግም ከርሜ የዚያን ሌሊት ጥፋቱ የእኔ ሆነ። መስኮቱን አራት ጣት ያህል ከፈትኩት። ብርዱ የጨመረ ይመስላል፣ ጠብታው ግን ቆመ።

ሲነጋ ሳሩ በአመዳይ ነጭ ሆኗል። የጋዝ ምድጃዬ አልበራ አለኝ። ትንሿ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ቡቴን የሚባለው ጋዝ ነው፤ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ያቆማል። ፕሮፔን የሚባለው ጋዝ ቢሆን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ይተናል። ቆርቆሮዋን ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ ግማሽ ሰዓት አቀፍኳት። እንደ ጫጩት! እሷን አቅፌ ሳለሁ አንድ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል እያደነ በፊቴ አለፈ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም ይባላል፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ስልኬን ለማውጣት እጄ አልታዘዘኝም። ይሁን፣ አየሁት።

የመኪናዋ ባትሪም በብርዱ ደክማለች። የሞተሩ ማሞቂያ መብራት እስኪጠፋ ሦስት ጊዜ ጠብቄ ነው ያስነሳኋት። ወደ ሐረና ጫካ ስወርድ ፍሬኔን አላመንኩም፤ አባዬ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላል፣ እሱን እንኳን ሰምቻለሁ።

አሁን የሳጥኑን ውስጥ በስፖንጅና በሞኬት ለብጬዋለሁ፣ ጎኗ ላይም ሁለት መተንፈሻ አስበስቻለሁ። በኅዳር ከአባዬ ጋር እንሄዳለን። እሱ እንደሚነዳ ከወዲሁ አስታውቋል። እናቴ ግን አንድ ጥያቄ አላት፦ «ቤት እያለ?» እስካሁን ሁለታችንም አልመለስንላትም። ቡናው ደርሷል መሰለኝ፣ እየጠራችኝ ነው። ቻው።