ብርቅ ነገር በገፍ ሲመረት

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ልጆችም፤ እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ርዕሴ አሻንጉሊት ነው። አንዳንድ አባቶች ፈገግ ስትሉ አያለሁ፤ ግድ የለም። ልጆቻችሁ መደርደሪያ ላይ ጭንቅላታቸው ትልልቅ፣ ዓይናቸው ክብ ጥቁር፣ አብዛኞቹም አፍ የሌላቸው አሻንጉሊቶች አይታችኋል። «ፖፕ» ይባላሉ። አምራቹ ፈንኮ የሩቅ ድርጅት አይደለም፤ በፈረንጆቹ 1998 ከሲያትል በስተሰሜን ስኖሆሚሽ ላይ ተጀምሮ ኋላ እዚሁ አጠገባችን ኤቨረት ከተማ ገባ።

ፖፕ በ2010 ገበያ ሲወጣ ብልሃቱ ቀላል ነበር። ቅርጹ ያው ነው፤ ጸጉሩንና ልብሱን ስትቀይሩት ሌላ ሰው ይሆናል። የፊልም ጀግና፣ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች፣ ዘፋኝ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛዋ ሩት ቤደር ጊንስበርግ ሳይቀሩ ፖፕ ወጥቶላቸዋል። ይህን አልንቅም። አንድ ሰው ቢሮው ጠረጴዛ ላይ አንዷን ካስቀመጠ ምን እንደሚወድ ሳትጠይቁት ታውቃላችሁ፤ ወሬ ይጀመራል። በ10 እና በ15 ዶላር መካከል ለሚሸጥ ፕላስቲክ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ችግሩ ያለው ሣጥኑ ላይ ነው። ሣጥኑን አንሱና እዩት፦ ፊት ለፊቱ መስኮት አለው፣ ጥጉ ላይ ቁጥር ተጽፏል። 3ና 5 ያለው ልጅ 4 ካልተገኘ እንቅልፍ የለውም። ከአንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ከስድስቱ አንዱ ብቻ የተለየ ሆኖ ይወጣል፤ «ቼስ» (በእንግሊዝኛ «ማሳደድ») ይሉታል። የሣጥኑ ጠርዝ ትንሽ ከተጨፈለቀ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ ሰብሳቢው ለሣጥኑ ሌላ የፕላስቲክ ሣጥን ይገዛል። አሻንጉሊቱን የሚነካው የለም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሰው አንዱን ለራሱ፣ አራቱን ለመሸጥ መግዛት ጀመረ። ድርጅቱ ደግሞ አምስት ፈላጊ ያገኘ መሰለው፤ የነበረው ግን አንድ ወዳጅና አራት ሣጥን ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ሰው ቤት ተቀምጦ ሲገዛ የ2021 ሽያጭ ከ1 ቢሊዮን ዶላር አለፈ፤ በ2022 ደግሞ ከ1.3 ቢሊዮን በላይ ሆነ። ዕቃው ግን ከገዢው ቀድሞ ሮጠ። አሪዞና ያለው መጋዘን ሞልቶ ኮንቴይነር መከራየት መጣ። በመጋቢት 2023 ድርጅቱ ከ30 እስከ 36 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ዕቃ ሊያስወግድ መሆኑን አስታወቀ። ብርቅ ነው ተብሎ የተሸጠ ነገር የማስቀመጫው ወጪ ከራሱ ዋጋ በለጠና ወደ ቆሻሻ ሄደ! በ2025 ድርጅቱ ሥራውን መቀጠል መቻሉ በእጅጉ እንደሚያጠራጥር ራሱ ለባለአክሲዮኖቹ ጽፏል።

«ልጆቹ ሰለቻቸው፣ አሁን ላቡቡ የሚባል ሌላ አሻንጉሊት መጣ» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። እንደ መጫወቻ ቢሸጡት ኖሮ ዛሬም ደህና ንግድ ነበር። የሸጡት ግን «ነገ ዋጋው ይወደዳል» የሚለውን ተስፋ ነው፤ ያን ተስፋ ይዞ የገዛ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ሻጭ ሆኖ ይመጣባችኋል።

ይህ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ አይደለም። በ1990ዎቹ ቢኒ ቤቢስ የሚባሉ፣ አምስት ዶላር ገደማ የሚሸጡ ለስላሳ አሻንጉሊቶች ነበሩ። ባለቤቱ ታይ ዋርነር ለትልልቅ መደብሮች አልሰጥም ብሎ በትንንሽ ሱቆች ብቻ ይሸጥ ነበር፤ አንዳንዱንም «ከእንግዲህ አይመረትም» ይላል፣ ሰው ይሻማል። በ1999 ላስ ቬጋስ ላይ የተፋቱ ባልና ሚስት ፍርድ ቤት ወለል ላይ ቁጢጥ ብለው አሻንጉሊቶቹን አንድ ለአንተ፣ አንድ ለእኔ እያሉ ተካፍለዋል። ፎቶው አለ፣ ፈልጋችሁ እዩት። ዛሬ አብዛኞቹ የተገዙበትን ዋጋ እንኳ አያወጡም።

ይህን ሁሉ የማወራው አንዳንድ ጎረምሶቻችን «ፖፕ ገዝቶ ማስቀመጥ ከዕቁብ ይሻላል» ሲሉ ስለሰማሁ ነው። ልጆቼ፣ ዕቁብ ላይ ተራችሁ ሲደርስ ብሩ ይሰጣችኋል። እዚህ ግን ገዢ መፈለግ የእናንተ ፈንታ ነው። ዋጋ ስታዩ ሻጩ የጠየቀውን አትመልከቱ፤ በእርግጥ የተሸጠበትን ፈልጉ፣ ልዩነቱ ያስደነግጣችኋል። ወላጆችም ልጁ የሚወደውን አንድ ሁለት ገዝቶ ሣጥኑን ቢቀድ አትቆጡት፤ ያ ልጅ ገንዘቡን ተጠቅሞበታል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከልጆቹ እንጀምር።