የእናት መታጠቢያ ቤት፣ የልጅ ግብር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ካናዳ ውስጥ በዕድሜ የገፉ ወላጆቻቸውን ይዘው ለሚኖሩ ነው። ቶሮንቶ ያለውን የተለመደ ቤት አስቡት። መግቢያው ላይ ሦስት ደረጃ፣ መኝታው ፎቅ፣ ገንዳው ደግሞ እግር ከፍ ካላደረጉ የማይገባበት። ጉልበታቸው የከዳቸው እናት ይህን ሁሉ በቀን ስንት ጊዜ ይሻገራሉ?

ለዚህ የሚሆን የፌዴራል የግብር ቅናሽ አለ፤ ሆም አክሰሲቢሊቲ ታክስ ክሬዲት ይባላል። በዓመት እስከ 20,000 ዶላር የሚደርስ የእድሳት ወጪ ይያዝላችኋል። እስከ 2021 ድረስ ጣሪያው 10,000 ነበር። ብዙ ሰው 20,000ው ራሱ የሚመለስ ይመስለዋል፤ አይደለም። ከግብራችሁ ላይ የሚቀነሰው የወጪው መቶኛ ነው። እስከ 2024 ድረስ 15 ከመቶ ነበር፣ ለ2025 14.5፣ ከ2026 ጀምሮ 14 ከመቶ። ስለዚህ በ2026 ሙሉውን 20,000 ብታወጡ የሚቀነስላችሁ 2,800 ዶላር ነው። ቤት ውስጥ እናትም አባትም ቢኖሩ ጣሪያው ለቤቱ ያው 20,000 ነው፤ እጥፍ አይሆንም።

አሁን ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ልምጣ። ይህ ክሬዲት ያለባችሁን ግብር ይቀንሳል እንጂ ግብር ለሌለበት ሰው ገንዘብ አይልክም። በመንግሥት ጡረታና በድጎማ ብቻ የሚኖሩ እናት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍሉት የፌዴራል ግብር የለባቸውም። ሥራው ለእሳቸው ስለተሠራ በእሳቸው ስም ይሞላል፣ ውጤቱም ዜሮ ይሆናል። ይህን ሳስብ በጣም ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም ሕጉ መውጫውን አብሮ አስቀምጧል። የሚጦራቸው ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት፣ የወንድም ወይም የእህት ልጅ በራሱ የግብር ቅጽ መስመር 31285 ላይ ሊያስገባው ይችላል። ወንድማማቾች ወጪውን ተጋርተው ከሆነ ክሬዲቱንም ይካፈሉታል፤ ድምሩ ከ20,000 አይለፍ እንጂ። ማን ስንት እንደሚወስድ ግን ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ተቀምጣችሁ ተስማሙ።

መስፈርቱ አጭር ነው። ሥራው የሚሠራላቸው ሰው በዓመቱ መጨረሻ 65 ዓመት የሞላቸው መሆን አለባቸው፤ ካልሞላቸው ቲ2201 በሚባለው ቅጽ የአካል ጉዳት ማረጋገጫ የጸደቀላቸው። ቤቱ የራሳቸው ይሁን፣ ወይም የራሳቸው ቤት ከሌላቸው አብረዋችሁ የሚኖሩበት የእናንተ ቤት። የኪራይ ቤት አይገባም።

ምን ይያዛል? ከቤቱ ጋር የሚቀር፣ መግባት መውጣቱን የሚያቀል ወይም ከአደጋ የሚጠብቅ ሥራ። ራምፕ ማለትም በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መግቢያ፣ በር ማስፋት፣ ጠርዝ የሌለው ሻወር፣ የማያንሸራትት ወለል፣ የመያዣ ብረት። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ የጥበቃ ክትትል ክፍያ፣ የቧንቧ ጥገና አይያዙም።

የመያዣ ብረቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ርካሹ ሥራ እሱ ነው፣ ትልቁን አደጋ የሚያስቀረውም እሱ። እናቶች ከገንዳ ሲወጡ የሚይዙት ፎጣ መስቀያውን ነው። መስቀያው የተሠራው ለፎጣ ስለሆነ የሰው ክብደት ሲያርፍበት ከጂፕሰሙ ተነቅሎ ይመጣል። በመምጠጫ ጎማ የሚለጠፈውንም አልመክርም፤ እርጥበት ሲገባው ይለቃል፣ የቤቱ አካል ስላልሆነም ለክሬዲቱ አይታመንም። ብረቱ ጂፕሰሙ ላይ ብቻ ሳይሆን ከኋላው ባለው ቋሚ እንጨት ላይ መታሰር አለበት። መታጠቢያ ቤቱ ለእድሳት ግድግዳው ከተከፈተ የሦስት ሩብ ኢንች ፕላይውድ ከኋላ አስገቡበት፤ ያኔ ብረቱን የፈለጋችሁበት ቦታ መትከል ትችላላችሁ። ከወለሉ ከ33 እስከ 36 ኢንች ከፍታ ለብዙ ሰው ይስማማል፣ ግን እናት ራሳቸው ቆመው እጃቸው የሚያርፍበትን ያሳዩ።

ራምፕ ደግሞ ሰው ከሚገምተው በላይ ቦታ ይበላል። ለአንድ ኢንች ከፍታ 12 ኢንች ርዝመት ነው ሒሳቡ። ሦስቱ ደረጃ ሰባት ሰባት ኢንች ቢሆን 21 ኢንች ይመጣል፤ ራምፑ 21 ጫማ ይሆናል ማለት ነው፣ መዞሪያውን ሳይጨምር። አሳጥሮ የሚሠራላችሁ ሰው ዊልቸር ገፍቶ የማያውቅ ነው።

ደረሰኙ! እኛ ዘንድ የሚታወቅ ባለሙያ ተጠርቶ በእጅ ተከፍሎት የሚሄድበት ልማድ አለ። በጥሬ ገንዘብ መክፈል በራሱ ችግር የለውም፤ ችግሩ ወረቀት አለመኖሩ ነው። ደረሰኙ ላይ የድርጅቱ ስምና አድራሻ፣ የኤችኤስቲ ማለትም የሽያጭ ግብር ቁጥር ካለው ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ሥራው የተሠራበት ቤት አድራሻ፣ የሥራው ዝርዝርና የተከፈለው ገንዘብ ይጻፍ። «መታጠቢያ ቤት እድሳት» ብቻ ብሎ የተጻፈ ደረሰኝ ለውበት ነው ወይስ ለአረጋዊ የሚለውን አይመልስም። «ገንዳ አውጥቶ ጠርዝ የሌለው ሻወር መትከል፣ ሁለት የመያዣ ብረት» ይባል። የሠራው የቤተሰብ አባል ከሆነና ለኤችኤስቲ ካልተመዘገበ የእጅ ዋጋው አይያዝም። ራሳችሁ ብትሠሩትም የድካማችሁ ዋጋ አይገባም፣ የዕቃው ግን ይገባል። የገዛችሁት መሰርሰሪያ አይያዝም፣ የተከራያችሁት ይያዛል።

አንዳንዱ ሥራ የሕክምና ወጪም ሆኖ ይገባል፤ እስከ 2025 ያንኑ ወጪ ሁለቱም ጋ ማስገባት ይቻል ነበር። የ2025ቱ የፌዴራል በጀት ከ2026 ጀምሮ ይህ እንዲቀር ሐሳብ አቅርቧል። ስለዚህ አካውንታንታችሁ ሁለቱንም አስልቶ ያሳያችሁ፤ የሕክምናው ወጪ የሚቆጠረው ከገቢው 3 ከመቶ ወይም መንግሥት በየዓመቱ ከሚያወጣው የመነሻ መጠን፣ ከሁለቱ ካነሰው በላይ ያለው ብቻ ነው።

ሥራው ከዚህ በፊት አልቆ ሳታስገቡ የቀራችሁ ካላችሁ፣ ያለፉትን 10 ዓመታት ቅጽ ማስተካከል ይፈቀዳል። ክሬዲቱ የጀመረው በ2016 ነው። ዛሬ ማታ መሳቢያውን ክፈቱ፤ ወረቀቱ ከጠፋ ኮንትራክተሩ ጋ ደውላችሁ ቅጂውን ጠይቁ።