እግሩ ፈጣን፣ ዓይኑ ገና

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ መንጃ ፈቃዱ ገና ትኩስ ስለሆነ ወጣት ነው የምናወራው። ቀበቶ እሰሩ አልላችሁም። እሱንማ ታውቁታላችሁ።

ማንበብ የሚለማመድ ሕፃን አይታችኋል? ጣቱን ፊደሉ ላይ ጭኖ «በ... ሬ... ው...» ይላል። ሲጨርስ «ምን ይላል?» በሉት። ዝም! አቅሙ ሁሉ ፊደል በመለየት አልቋል። አዲስ ሾፌርም ይኸው ነው። ፍሪሲዮን... ማርሽ... ፍሬቻ... ስፖኪዮ... እየቆጠረ ነው። ዓይኑ ከመኪናው አፍንጫ ብዙም አይርቅም። የቆየው ሾፌር ግን ዓረፍተ ነገሩን ያነባል። ከቆመ መኪና ሥር ኳስ ተንከባሎ ሲወጣ፣ ልጁ ብቅ ሳይል እግሩ ፍሬን ላይ ነው።

ወደ ፍጥነት ልገባ ነበር፣ ግን እየደጋገማችሁ የምትጽፉልኝ ነገር አለ። «ወጣት ሪፍሌክሱ ፈጣን ነው፣ እንዲያውም እሱ ይሻላል!» ቆይ፣ ቆይ። ፈጣን ነው፣ አልካድኩም። ግን ምን አይቶ ነው የሚረግጠው? ዘግይቶ ካየ እግሩ ቢፈጥን ምን ዋጋ አለው? በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪናው በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። ሪፍሌክስ የሚያተርፍለት የሰከንድ ቁራጭ ነው። 2 ሰከንድ ቀድሞ ያየ ሰው ግን 33 ሜትር አተረፈ። ደግሞ በሪፍሌክሱ የሚተማመን ልጅ ከፊቱ ላለው መኪና ይጠጋል፣ ይፈጥናል፣ ያቺኑ ትርፍ እዚያው ይበላታል። ስለዚህ ይሄን ነገር ተዉኝ!

እሺ፣ ቶሎ ቶሎ። ከ50 ወደ 70 ከፍ ስትሉ የግጭቱ ጉልበት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ፊዚክስ ነው፣ እንለፍ። ስልክ? የዓለም ጤና ድርጅት አደጋውን ወደ 4 እጥፍ ያደርሰዋል ይላል። ጆሮ ላይ መሰካቱም ብዙ አያድንም፤ ሐሳቡ ወሬው ላይ ነዋ።

ጓደኞችስ? እናቱ ከጎኑ ስትቀመጥ ጨዋ ነው። ሦስት ጓደኛ ሲጭን ግን «ንካው! ቅደመው!» ይጀመራል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 ለጀማሪዎች የሌሊት መንዳትንና ጓደኛ መጫንን የሚገድብ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ሌሎች አገሮችም ተከተሏት። ለእኔ ከመቶ ምክር ይህ ይበልጣል።

ዓይን ማሠልጠን ለምትፈልጉ፦ ተሳፋሪ ስትሆኑ ወደፊት እያያችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። «ያ በር ሊከፈት ነው»፣ «እሷ ልትሻገር ነው»። ሾፌሩ ተናዶ ቢያወርዳችሁ እኔ የለሁበትም። ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ቀጥሎ የሌሊት መንዳት ነው።