ጥያቄያችሁን ከሀገር ይዛችሁ ሂዱ፦ ነፃ የውጭ ትምህርት ዕድል ላገኙ ተማሪዎች የተደረገ የሽኝት ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ ውድ ተማሪዎቻችን፤

እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ። ዛሬ ከምንሸኛቸው ወጣቶች መካከል በቼቪኒንግ ወደ ብሪታንያ፣ በፉልብራይት ወደ አሜሪካ፣ በኢራስመስ ሙንዱስ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ አሉ። እነዚህ ስሞች ለብዙ ወላጅ እንግዳ ስለሆኑ፣ ልጆቻችሁ ያሸነፉት ምን እንደሆነ በአጭሩ ላስረዳ። ቼቪኒንግ የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የሚሰጠው የአንድ ዓመት የማስተርስ ትምህርት ዕድል ነው፤ አሸናፊው ትምህርቱን ሲጨርስ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ወደ ሀገሩ እንዲመለስ ግዴታ ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው የአሜሪካው ፉልብራይትም ተመሳሳይ የሁለት ዓመት ግዴታ አለበት። ኢራስመስ ሙንዱስ ደግሞ ተማሪው ቢያንስ በሁለት ሀገሮች እየተዘዋወረ እንዲማር ያደርጋል። በሦስቱም ከመላው ዓለም የመጡ እጅግ ብዙ አመልካቾች ይወዳደራሉ፤ ልጆቻችሁ የተመረጡት ከእነዚያ ሁሉ መካከል ነው፤ እናንተም ልትኮሩ ይገባል።

በዚህ ዓይነት ዝግጅት ላይ ስለሚጠብቃችሁ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ መናገር የተለመደ ነው። እኔ ግን ዛሬ መናገር የምፈልገው ከዚህ ይዛችሁት ስለምትሄዱት ነገር ነው። በሀገራችን የትምህርት ታሪክ ውጭ ተምረው ታላቅ ሥራ የሠሩትን ሰዎች ሕይወት ስመረምር ደጋግሜ የማገኘው አንድ ነገር አለ፤ እነዚህ ሰዎች እውቀትን ከውጭ ቢያመጡም ጥያቄያቸውን ያገኙት ግን ከሀገራቸው ወንዝ፣ ማሳና ጎተራ ነው።

የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ብዙዎቻችሁ በከፊል ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን በደንብ ልትመረምሩት ይገባል እላለሁ። አክሊሉ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የተመለሱት በወቅቱ ብዙ ሕዝብ ያሠቃይ የነበረውን የብልሃርዚያ በሽታ ለማጥናት ነበር። በሽታውን የሚያዛምተው ተውሳክ በወንዝ ዳር በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ወንዝ ወርደው ሲመለከቱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። እናቶቻችን እንዶድን ለዘመናት ሸማ ሲያነጡበት ኖረዋል። የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ያየ ሌላ ሰውም አይጠፋም። አክሊሉ ግን ስለ ብልሃርዚያ እየተጨነቁ ወደዚያ ወንዝ የወረዱ፣ ለምን እንደሞቱ ለማረጋገጥም የሚያስፈልገውን ስልት የተማሩ ሰው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት ለፉ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአክሊሉ ለማ ስም የሚጠራውንም የምርምር ተቋም መሠረቱ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ልትዘነጉት የማይገባ ሌላም ክፍል አለ። እንዶድ ቀንድ አውጣዎቹን ይገድላል የሚለው ግኝት በዓለም ዘንድ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት አስተማማኝ አይደለም እየተባለ፣ ስለ ደኅንነቱ የሚደረገው ምርመራ በውጭ ሀገር እንደገና እንዲሠራ ስለተጠየቀ ሥራው ለረጅም ዓመታት ተጓተተ። እናንተም በምትሄዱበት ሀገር ከዚህ የሚመጣ ጥያቄ ክብደት የሌለው የሚመስለው ሰው ሊያጋጥማችሁ ይችላል። በዚያን ጊዜ ጥያቄያችሁን በእሱ ጥያቄ እንዳትለውጡ አደራ እላችኋለሁ፤ ማስረጃችሁን ግን ማንም ሊክደው እስከማይችል ድረስ አጠንክሩ።

እ.ኤ.አ. በ1989 አክሊሉና ለገሰ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲያገኙ፣ በዚያው ዓመት ይኸው ሽልማት ለሌላ ኢትዮጵያዊ ለዶክተር መላኩ ወረደም ተሰጥቷል። መላኩ በአሜሪካ በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት እርባታ ተምረው ተመልሰው፣ ገበሬው በየጎተራው ያቆየውን የእህል ዘር የሚሰበስብና የሚጠብቅ ማዕከል የመሩ፣ ገበሬውንም የዘሩ ጠባቂ አድርገው አብረውት የሠሩ ሰው ናቸው። እኔ ይህን ታሪክ በየግብርና ኮሌጁ በተደጋጋሚ ብናስተምረው ደስ ይለኛል።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታን ደግሞ ተመልከቱ። በኦሎንኮሚ አካባቢ በሣር ጎጆ ያደጉ፣ ለትምህርት 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ይጓዙ የነበሩ ልጅ፣ ጅማ የግብርና ትምህርት ቤትን አልፈው እ.ኤ.አ. በ1973 ከአለማያ ተመረቁ፤ በ1978 በአሜሪካ ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ። የሥራቸው ማዕከል ማሽላ ነበር። በመጀመሪያ በሱዳን ድርቅን የሚቋቋም ድቅል ማሽላ አወጡ፤ ቀጥሎም ማሽላን ከሥሩ ተጣብቆ የሚመጠምጠውን፣ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሚቆየውን አቀንጭራ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አበረከቱ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ገቢሳ የሚያስተምሩት እዚያው በፐርዱ ነው፤ ነገር ግን ሥራቸው ከአፍሪካ ገበሬ ማሳ ተለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ውጭ የቀረን ሁሉ ሀገሩን እንደተወ አድርጎ የሚናገር ሰው ስሰማ አልስማማም፤ የጥያቄው መነሻ ከአድራሻው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስል ግን መመለስን ላቃልል አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በፊት ወደ ውጭ ተልከው ተምረው ከተመለሱት መካከል ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በግፍ ተገድለዋል፤ ሀገሪቱም ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቱንና መሥሪያ ቤቱን እንደገና ስታደራጅ የእነዚያን ሰዎች እጦት ለረጅም ጊዜ ተሸክማለች። የተማረ ሰው ማጣት ምን እንደሚያስከፍል በተግባር የምናውቅ ሕዝብ ነን።

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎችና ለትምህርት ክፍል ተጠሪዎች አንድ ቃል አለኝ። ተመላሹን ሀገር ወዳድነት ብቻውን አያቆየውም። ተመልሶ ሲመጣ ለምርምሩ የሚያስፈልገው ኬሚካል ለወራት የሚዘገይ ከሆነ፣ በሳምንት የሚያስተምረው ሰዓት ለማንበብ እንኳ ጊዜ የማይተውለት ከሆነ፣ ያስተማረው የውጭ ዩኒቨርሲቲ ሊያቆየው ሲጠይቀው ምን እንዲመልስ እንጠብቃለን? እነዚህ ልጆች ከመሄዳቸው በፊት ከእያንዳንዳቸው ጋር ተቀምጣችሁ ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ ጠይቋቸው፤ ሲመለሱ የሚሠሩበትን ቦታም ከአሁኑ አስቡበት።

አሁን በየክፍላችሁ ተቀምጣችሁ ይህንን ዕድል ወደምትመኙት ታናናሾች እመለሳለሁ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ የልጆቻችንን የአእምሮ ድህነት ያሳያል ብዬ አላምንም፤ የማስተማሪያችንን ጉድለት ያሳያል። የውጭ ትምህርት ዕድልም እንዲሁ ነው፤ ጎበዝ ተማሪ በየወረዳው አለ፤ መረጃው ግን ወደ እያንዳንዱ ወረዳ አይደርስም። መረጃ ባልደረሰበት ቦታ ደግሞ ደላላ ይደርሳል። ቼቪኒንግም ሆነ ፉልብራይት፣ ኢራስመስ ሙንዱስም ጭምር ለማመልከት ገንዘብ አይጠይቁም፤ ዕድሉን አስገኝላችኋለሁ ብሎ ክፍያ የሚጠይቅን ሰው አትመኑ፤ ወላጆችም ከብት ሸጣችሁ እንዳትሰጡ እለምናችኋለሁ።

የተማሪዎችን የማመልከቻ ጽሑፎች ለብዙ ዓመታት አንብቤያለሁ። ከኢንተርኔት የተወሰደው ጽሑፍ በመጀመሪያው አንቀጽ ይታወቃል፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሀገሬን ማገልገል እመኛለሁ» ብሎ ይጀምርና እስከ መጨረሻው አንድም ወንዝ፣ አንድም ጤና ጣቢያ፣ አንድም ማሳ ሳይጠቅስ ያልቃል። ያሸነፉት ጽሑፎች በትውልድ ቀበሌው የሚታይን አንድ ችግር አንስተው፣ ለምን እስካሁን እንዳልተፈታ መርምረው፣ ለመፍታት የጎደለው እውቀት በየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንዳለ ያሳዩ ናቸው። መምህራንም የድጋፍ ደብዳቤ ስትጽፉ «ጎበዝና ታታሪ ነው» ብላችሁ አታብቁ፤ ተማሪው የሠራውን አንድ ነገር በዝርዝር ጻፉለት።

ውድ ተጓዦች፣ ከመብረራችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ እንድትሰጡን እጠይቃለሁ። ማመልከቻችሁን፣ ያልተቀበሏችሁንም ተቋማት ደብዳቤ ጭምር ይዛችሁ ኑና ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር አብራችሁ አንብቡት። አዳራሹን እኛ እናዘጋጃለን።

መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፤ በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ለመገናኘት ያብቃን። አመሰግናለሁ።