የተቀባዩም ስም ይጻፍ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በተለይ ደግሞ ዛሬ ሥልጠናችሁን የጨረሳችሁ ልጆች፣ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ሦስት ነገር ተናገር ብለውኛል። ስለ ሂፕ ሆፕ ታሪክ፣ ስለ መድረክ አያያዝና ስለ ድምፅ ጥንቃቄ። ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። ሦስቱንም እነካካለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ከባሕር ዳር ተነስቼ ደብረ ማርቆስ ድረስ የመጣሁት አንዲት ነገር ልናገር ነው። እሷን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ፊቴን የማያውቅ ድምፄን ያውቃል። አሥራ ስምንት ዓመት ራፐር አጠገብ ቆሜያለሁ። ሥራዬ ሃይፕ ማን ይባላል። አንዳንዱ አሟሟቂ ይለናል፣ አንዳንዱ አጃቢ ይለናል። ጯሂ የሚለንም አለ። እኔ ግን ለዚህ ሥራ ልክ የሆነውን ስም ያገኘሁት እዚሁ ጎጃም፣ እናቴ ዘንድ ነው። ተቀባይ።

ሰርግ ላይ አውራጅ አለ፣ ተቀባይ አለ። አውራጅ ግጥሙን ያወርዳል። ተቀባይ አዝማቹን ይመልሳል፣ ያጨበጭባል፣ አውራጁ ትንፋሽ ሲያጥረው ዘፈኑን ተሸክሞ ይቆያል። እናቴ በብቸና በኩል፣ እኛ ባደግንበት ቀዬ፣ የታወቀች ተቀባይ ነበረች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች። ከበሮውን በጎኗ ታንጠለጥላለች። እኔ ቀሚሷን ይዤ አጠገቧ እቆማለሁ። አውራጇ ግጥም ሲጠፋባት እናቴ አዝማቹን ሁለቴ ሦስቴ ታዞረዋለች። ሰርገኛው ዘፈኑ የሞቀ ይመስለዋል። እኔ ግን ከታች ሆኜ አያታለሁ። ዓይኗ ከአውራጇ ከንፈር ላይ አይነቀልም። ያ ከንፈር አዲስ ስንኝ ይዞ ሲንቀሳቀስ ስታይ ከበሮውን ረገብ ታደርግላታለች። አውራጇም ምንም እንዳልሆነ ትቀጥላለች።

ከዚያ ሽልማት ይመጣል። ብሩ አውራጇ ግንባር ላይ ይለጠፋል። እናቴ ከበሮዋን ይዛ ወደ ቤት ትመለሳለች። አንድ ቀን መንገድ ላይ «እማ፣ ላንቺስ ለምን አይሰጡሽም?» አልኳት። «እኔ ግጥም አላወጣሁ» አለችኝ። ያኔ አመንኳት። አሁን አላምናትም። ነፍሷን ይማርና፣ ያን ዘፈን እኮ እሷ ናት ያቆየችው!

ይሄ ለጎጃም አዲስ አይደለም። በደቦ ያጨደ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው እየተቀበለ ማሳው ሳይታወቅ ያልቃል። ፉከራ ላይም ያው ነው። «በለው!» የሚል ሰው ከጎኑ ከሌለ ፎካሪው ምን ያህል ይዘልቃል? እናንተ አባቶቼ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ወደ ታሪኩ ልግባ። ሂፕ ሆፕ ተወለደ የሚባለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 11 ቀን 1973 ነው። ቦታው ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ፣ ሴድግዊክ ጎዳና፣ 1520 ቁጥር ሕንፃ። ዲጄ ኩል ሄርክ እህቱ ባዘጋጀችው ግብዣ ላይ ሸክላ እያጫወተ ነበር። አጠገቡ ማይክ የያዘ ጓደኛው ነበር፣ ኮክ ላ ሮክ የሚባል። ኮክ ላ ሮክ በዚያ ዘመን ማይኩን ይዞ ምን ነበር የሚለው? ዛሬ እንደምናውቀው ረጅም ግጥም አልነበረም። ጓደኞቹን በስማቸው እየጠራ ቤቱን ያሞቅ ነበር። እዚህ ላይ አንዴ ቆም በሉልኝ። ያ ረጅም ራፕ ከመምጣቱ በፊት አሟሟቂው ነበር። ሥራውም የሰው ስም መጥራት ነበር። ዛሬ የእሱን ሥራ የወረስነው ሰዎች የራሳችን ስም አይጠራም።

ታሪኩን እዚህ ላቁመውና የራሴን ልንገራችሁ። የ2003ቱን ሌሊት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያን ቀን የነበራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው። ራፐሩ ጓደኛዬ ነበር፣ ስሙን አልጠራም። ሁለተኛውን ዘፈን ጀምሮ ሕዝቡ ቀውጢ ሆኗል። ድንገት መብራት ድርግም አለ። ሳውንዱ ሞተ። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ፉጨት መጣ። ከኋላ «ብራችንን መልሱ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጄኔሬተሩን ሊያስነሱ ሄዱ፣ ቤንዚን የለውም። አንድ ልጅ ጀሪካን ይዞ በባጃጅ ወጣ። ጓደኛዬ ከዲጄው ጠረጴዛ ጀርባ ሄዶ ተቀመጠ። አልፈርድበትም፣ ደንግጧል።

እኔ የሞተውን ማይክ መድረኩ ላይ አስቀመጥኩትና ወደ ሰው መሐል ዘለልኩ። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። እጄ ግን አወቀ። የእናቴን ጭብጨባ ጀመረ። የሰርጉን ጭብጨባ! አጠገቤ ያሉ አምስት ስድስት ልጆች ተቀበሉኝ። አንዱ ባለ ባትሪ ኖኪያውን አበራ፣ ሌላው አበራ፣ አዳራሹ ደብዘዝ ያለ ብርሃን አገኘ። ሕዝቡን ለሁለት ከፈልኩት። በቀኝ ያለው አውራጅ፣ በግራ ያለው ተቀባይ። የጓደኛዬን ዘፈን አዝማች ሰጠኋቸው። ሲደክማቸው የሰርግ ዜማ አስገባሁበት። ሲሞቅ ወደ አዝማቹ መለስኳቸው። አንድ ትልቅ ሰው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው እስክስታ ሲወርዱ አዳራሹ አበደ። ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ የማርቆስ ብርድ ነው። እኔ ግን ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

በዲጄው ሰዓት 25 ደቂቃ ሆነ። አንድም ሰው አልወጣም፣ አንድም ሰው ብሩን አልጠየቀም። መብራቱ ሲመጣ ሕዝቡ መምጣቱን ልብ ያለው አይመስልም፣ ይዘፍናል። ጓደኛዬ ማይኩን አንስቶ የራሱን አዝማች ከሕዝቡ ተቀበለ። ያን ሌሊት እሱ ነው ተቀባይ የሆነው።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ከአዳራሹ ጀርባ ሒሳብ ተጀመረ። አዘጋጁ ስፒከር ላይ ብር ይቆጥራል። ለራፐሩ ሰጠ። ለዲጄው ሰጠ። ለሳውንድ ሰዎቹ ሰጠ። ቤንዚን ላመጣው ልጅ መቶ ብር ሰጠ፣ ይገባዋልም። ወደ እኔ ዞሮ ሦስት መቶ ብር ዘረጋና «ይቺ ለትራንስፖርት» አለኝ።

«ለሥራዬስ?» አልኩት።

«አንተ ምን ሠራህ? ጮህክ እንጂ።»

ጓደኛዬን አየሁት። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ነበር። ክሩ ግን የታሰረ ነበር። ፈታው፣ መልሶ አሰረው። ቀና አላለም።

ከአዘጋጁ ንግግር ይልቅ ያ የጫማ ክር ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

አሁን ወደ አሜሪካ ልመልሳችሁ። ፐብሊክ ኢነሚ የሚባል የራፕ ቡድን አለ። መሪው ቸክ ዲ ነው፣ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ ነው። አጠገቡ ትልቅ ሰዓት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዘለው ፍሌቨር ፍሌቭ ነው። በዓለም ላይ ሃይፕ ማን ሲባል መጀመሪያ ስሙ የሚነሳው እሱ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ ዴፍ ጃም የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ቸክ ዲን ሊያስፈርም ፈለገ። ፍሌቨር ፍሌቭ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን የኩባንያው ሰዎች አልታያቸውም። የፈለጉት ቸክ ዲን ለብቻው ነበር። ጥያቄው ያው የእኔው ጥያቄ ነው፤ ይሄ ልጅ ምን ይሠራል?

ቸክ ዲ የጫማውን ክር አላሰረም። እሱም አብሮኝ ይፈርም ብሎ ጸና። ሁለቱም ፈረሙ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ቡድኑ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ሲገባ ፍሌቨር ፍሌቭም ገባ። ስሙ እዚያ ተጽፏል። ከነሰዓቱ!

ራፐሮች፣ ይሄን ለእናንተ ነው የምናገረው። ፕሩፍ የታዋቂው ራፐር የኤሚነም የልጅነት ጓደኛ ነበር። ዲትሮይት ነው ያደጉት። ዓለም ሁሉ ኤሚነምን ሲያይ መድረክ ላይ ከጎኑ የነበረው ፕሩፍ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ተገደለ። ጄይ ዚን ደግሞ ዛሬ የማያውቅ የለም። ስሙ ሳይታወቅ በፊት ራፐሩ ቢግ ዳዲ ኬን ልብስ ሊቀይር ሲገባ መድረኩን ይዞ የሚያቆየው እሱ ነበር። ዛሬ ከጎናችሁ ፎጣና ውኃ ይዞ የቆመው ልጅ ነገ ማን እንደሚሆን ታውቃላችሁ?

እና አሁን የመጣሁበትን ልናገር። በከተማችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር እዩ። የራፐሩ ስም በትልቁ አለ። የዲጄው ስም አለ። የሳውንዱ ስልክ ቁጥር አለ። የቢራው ስም ከሁሉም በልጦ አለ። የተቀባዩ ስም የት አለ? እኮ የት አለ? አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቼ ስሜ ፖስተር ላይ የወጣው ሁለቴ ነው። አንዱ ላይ ፊደሉ ተሳስቷል።

ጮህክ እንጂ ይሉናል። እሺ፣ ጩኸት ከሆነ እስቲ ውጣና ጩህ! ሁለት ሰዓት ሙሉ ጩህ። የሌላ ሰው ግጥም ከራስህ ግጥም በላይ ሸምድደህ ጩህ። እሱ ስንኝ ሲረሳ አንተ ሳትረሳ፣ ሰው ሳያውቅበት አስታውሰህ ጩህ። እሱ ሲታመም፣ ሲከፋው፣ ከፍቅረኛው ተጣልቶ ሲመጣ የእሱን ፊት በአንተ ፊት ሸፍነህ ጩህ። ሲያልቅ ደግሞ ከተሳፋሪ ጋር ተጋፍተህ በሚኒባስ ተመለስ። ይሄ ሥራ ካልሆነ ሥራ የሚባለው ምንድን ነው?

እኛ እኮ የቃል አገር ልጆች ነን። የቅኔ ቤቶቹ ጎንጅና ዋሸራ ያሉት እዚሁ ጎጃም ነው። ቅኔ ለመቁጠር ከስንት አገር ሰው ስንቁን ይዞ በእግሩ የመጣበት ምድር ነው። ቃል በሚከበርበት አገር ቃል አቀባዩ እንዴት ይናቃል?

በስም አልወቅስም፣ የምጠይቀው ግን ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ስሙ ፖስተር ላይ ይጻፍ፣ በራፐሩ ስም ሥር፣ በሚነበብ ፊደል። ሁለተኛ፣ ክፍያው ከመድረኩ በፊት በወረቀት ይለቅ። ትራንስፖርት ደመወዝ አይደለም።

ስለ መድረክ አያያዝ በአጭሩ። ሙሉ ስንኝ አትንጠቁ። ግጥሙ ቤት የሚመታባትን ቃል ብቻ አብራችሁ በሉ፣ እሷ ትበቃለች። ማይካችሁ ከራፐሩ ማይክ ዝቅ እንዲል ለሳውንድ ሰውየው ቀድማችሁ ንገሩት። ከፊቱ አትቁሙ። እናቴ እንዳደረገችው ከንፈሩን እዩ። ሕዝቡ ሲደክም ደግሞ ዝም በሉ፣ ዝምታም ማሟሟቅ ነው።

ድምፅ። ቀኑን ሙሉ ውኃ ጠጡ፣ መድረክ ላይ ብቻ አይደለም። ከደረት ሳይሆን ከሆድ ጩሁ። ከሾው በፊት አረቄ አትቅመሱ፣ ጉሮሮ ያደርቃል። ድምፃችሁ ከሻከረ ሁለት ቀን ዝም በሉ። ድምፄን ስሙት፣ እኔ ያን ሳላደርግ ቀርቼ ነው እንዲህ የሆነው።

በሩ ጋ ጠረጴዛ አለ፣ ላዩ ላይ ደብተርና እስክርቢቶ አስቀምጫለሁ። የሚመጣው ወር ዝግጅት ፖስተር ገና አልታተመም። ማተሚያ ቤቱ እስከ ረቡዕ እጠብቃለሁ ብሎኛል። አዘጋጆቹም እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እሺ ብለዋል፣ ሁላችሁም ምስክር ናችሁ። ተቀባይ የሆናችሁ ልጆች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ስትወጡ ስማችሁን ጻፉ። የመድረክ ስማችሁን ብቻ አይደለም፣ ከነአባታችሁ ስም ጻፉት። ፊደሉን እኔ ራሴ ቆሜ አስተካክላለሁ።

አመሰግናለሁ።