«ስትተኚስ ይተውሻል?»

የተከበራችሁ እናቶች፣ አዋላጆች፣ የሰመመን ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ!

የተጋበዝኩት ስለ ወሊድ ክትትል እንድናገር ነው። ግን ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለ። አስቀድሜ እሱን ላውጣው።

ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። እህቴ በኦፕራሲዮን ወለደች። የወገብ ማደንዘዣ መርፌ ተወግታ ነበር። ራሴን አመመኝ ስትል ፓራሲታሞል ሰጥተው ሸኟት። ቤታችን እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው። ሰው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊላት ይጎርፋል። ቀና ብላ ስትቀመጥ ራሷን በሁለት እጇ ትይዛለች። አንገቷ ይደርቃል፣ ጆሮዋ ይጮሃል። ትራሷ ላይ ስትመለስ ፊቷ ይፈታል። እናታችን ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችላት። አንዷ ዘመድማ «አራስ ሆንኩ ብላ ተሞላቀቀች» አለች። ልጇን ተኝታ ነበር የምታጠባው። ወደ ወለደችበት መለስናት። «እንቅልፍ አጥተሽ ነው» ብለው ላኳት። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ ተጋደመች። «አሁን ተወኝ» አለችኝ። ሌላ ቦታ ወሰድናት። አንድ ሽማግሌ ሰመመን ሰጪ ገና ሲያዩዋት «ስትተኚስ ይተውሻል?» አሏት። እህቴ አለቀሰች። ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ከወገብ መርፌ በኋላ የሚመጣ ራስ ምታት ነው። መርፌው የአከርካሪውን ፈሳሽ የያዘውን ሽፋን ይበሳል። ቀዳዳው ካልተደፈነ ፈሳሹ ይፈስሳል። አንጎል የሚንሳፈፍበት ፈሳሽ ሲጎድል፣ ሰውየው ሲቆም አንጎል ወደ ታች ይጎተታል። አውጉስት ቢር የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1898 እ.ኤ.አ. የወገብ ሰመመንን በራሱ ላይ አስሞክሮ፣ በዚሁ ራስ ምታት ለቀናት ተኝቷል።

እንግዲህ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ የታወቀ ሕመም ነው! ዛሬም አራሷን «ተሞላቀቀች» እንላታለን? እንቅልፍ ነው ብለን እንመልሳታለን? እኔ ይህን አልቀበልም! ጥያቄው ገንዘብ አይጠይቅም፣ ማሽን አይጠይቅም። አንድ ትንፋሽ ነው!

ሕክምናውስ? ብዙው በአንድ ሁለት ሳምንት በራሱ ይድናል። ዕረፍት፣ ፈሳሽ፣ ማስታገሻ ያግዛል። ቡናም ለጊዜው ያቀልላል፤ ቡና ደግሞ ጅማ ላይ አይጠፋም። ከጠናባት ብለድ ፓች አለ። ከክንዷ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይቀዳና በንጽህና ከሽፋኑ ውጭ ጀርባዋ ላይ ይሰጣል። ደሙ ረግቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። እህቴ በዚያው ማታ ቁጭ ብላ ገንፎዋን በላች። ሕፃኑንም ተቀምጣ አጠባች።

መርፌውን ቀጭንና ጫፉ እንደ እርሳስ የሾለ ካደረግነው ሕመሙ ይቀንሳል። ለሆስፒታል መርፌ የምትገዙ ይህን ስሙልኝ።

ትኩሳት፣ የደም ግፊት፣ መንቀጥቀጥ ወይም የዓይን ብዥታ ካለ፣ ወይም ስትተኛም ካልተዋት፣ ሌላ ከባድ ነገር ሊሆን ይችላልና አትጠብቁ። መርፌ ሳይነካው ፈሳሹ የሚፈስበት ሰውም አለ፤ እሱ ኤም አር አይ የሚባለው የምስል ምርመራ ያስፈልገዋል።

አዋላጆች፣ ነገ ጠዋት ተረኛ ስትሆኑ፣ ራሴን የምትል አራስ ካገኛችሁ አልጋዋ አጠገብ ቆማችሁ ጠይቁልኝ፤ መልሷንም ካርዷ ላይ ጻፉልኝ። አመሰግናለሁ።